ስለ አዳኝ ማይት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ስፓይደር ማይትን በፐርሲሚሊስ መቆጣጠር

ጥያቄዎቹ አብዛኞቹ የመጡት ከአበባ እርሻ ልጆች ነው፣ ስካውት (ተባይ እየፈተሸ ሪፖርት የሚያደርግ)፣ ስፕሬይ ቲም (መድሃኒት ረጪዎቹ)፣ ሱፐርቫይዘር፣ አንዳንዱ ደሞ ቲማቲም ከሚያለማ ገበሬና ውጭ ሀገር በረንዳው ላይ ቃሪያ ከተከለ ሰው። ስለዚህ መልሱ ወደ ጽጌረዳና ወደ ስፓይደር ማይት ያደላል፣ ሀገራችን ላይ አዳኝ ማይት በብዛት የሚለቀቀው እዛ ስለሆነ።

ለመሆኑ አዳኝ ማይት ምንድነው?

ማይት ነፍሳት አደለም፣ ስምንት እግር ያለው የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው፣ ቁመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ስፓይደር ማይት የሚባለው ተባይ ቅጠሉን ከስር ሆኖ እየወጋ ይመጠዋል፣ በላይ በኩል ነጫጭ ነጠብጣብ ታያላችሁ፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሲብስበት ድር ያደራና ይረግፋል። አዳኝ ማይት ደሞ ይሄን ተባይ እያሳደደ የሚበላ ሌላ ማይት ነው። ጽጌረዳ ላይ ዋናው ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው፣ ሁሉም ሰው በአጭሩ ፐርሲሚሊስ ይለዋል። አንዲት ሴት ፐርሲሚሊስ በቀን እስከ 5 ትልልቅ ስፓይደር ማይት ወይም እስከ 20 እንቁላልና ጫጩት ትጨርሳለች። ዓይን ግን የላትም! ተክሉ በስፓይደር ማይት ሲጠቃ ለየት ያለ ሽታ ያወጣል፣ እሷም ሽታውን ተከትላ ነው የምትደርሰው፣ ይሄንን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ሆላንድ ውስጥ ማርሴል ዲክና ሞሪስ ሳቤሊስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በሙከራ አሳይተዋል። ተክሉ ራሱ ሲጠቃ ድረሱልኝ ይላል ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ተባዩንና አዳኙን በምን እለያቸዋለሁ?

ይሄን ሳታውቁ ምንም አትልቀቁ። ተባዩን "ሬድ ስፓይደር" ብለን ስለለመድን ቀይ ነገር ሁሉ ጠላት ይመስለናል፣ ግን ስፓይደር ማይት ብዙ ጊዜ ቢጫማ አረንጓዴ ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ያለበት ነው (ቀዩም አለ)። ፐርሲሚሊስ ናት ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ፣ የምታብረቀርቅ፣ ከኋላ ሰፋ ከፊት ጠበብ ያለች፣ እግሯ ረዘም ያለና ፈጣን። ተባዩ ሲነካ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ እሷ ግን ቅጠሉን ስትገለብጡት ትሮጣለች። እንቁላላቸውም ይለያል፣ የተባዩ ትንሽ ክብ ኳስ ነው፣ የሷ ሞላላ ሆኖ እጥፍ ያህል ይተልቃል፣ ቀለሙም ወደ ሮዝ ያደላል። ለያንዳንዱ ስካውት ቢያንስ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ መስጠት የግድ ነው፣ አለዛ ስካውቱ "እዚህ መደብ ላይ ቀይ ማይት በዝቷል" ብሎ ሪፖርት ያደርግና ስፕሬይ ቲሙ ሄዶ የተገዛውን አዳኝ ይጨርሰዋል። በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፣ ደሞ የሚሆን ነገር ነው።

ሰው ይነክሳል? አበባውንስ አይበላም?

ሰው አይነክስም፣ ከብትም አይነካም፣ ፐርሲሚሊስ ከስፓይደር ማይት ውጭ ሌላ ነገር በልታ መኖር አትችልም። አበባም ቅጠልም አትበላም።

መድሃኒት እያለ ምን አስጨነቀን?

ምክንያቱም መድሃኒቱ እየሰነፈ ነው። ስፓይደር ማይት ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከ10 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከእንቁላል ተነስቶ ራሱ እንቁላል ጣይ ይሆናል፣ አንዷ ሴት ከመቶ በላይ ልትጥል ትችላለች፣ ስለዚህ በየርጭቱ የሚተርፉት ጠንካሮቹ በዘራቸው በሳምንታት ውስጥ ግሪንሃውሱን ይሞሉታል። በዓለም ላይ ይሄ ተባይ ከ90 በላይ ለሆኑ የመድሃኒት ንጥረ ነገሮች ተቋቋሚነት ማዳበሩ ተመዝግቧል፣ ብዙ ተባይ እንዲህ አይልም። አንዱን መድሃኒት ስትለቁ ወደ ሌላው፣ ሌላው ሲያቅት መጠን መጨመር፣ ከዛ ቅልቅል፣ እንደዛ እየተባለ ወጪው ይወጣል ተባዩ ግን እዛው ነው። ለኔ ከዚህም በላይ የሚያንገበግበኝ የሰው ጉዳይ ነው፣ ከተረጨ በኋላ የመግቢያ ሰዓቱ ሳይሞላ መቀስ ይዘው የሚገቡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ርጭት በቀነሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው።

ነገሩ አዲስም አደለም። ፐርሲሚሊስ ከቺሊ በመጣ ኦርኪድ ላይ ተሳፍራ ጀርመን ገብታ በ1958 ተገኘች፣ ከዛ ሆላንድና እንግሊዝ ግሪንሃውሶች ላይ ተሞከረች። ያን ኮፐርት የሚባል ሆላንዳዊ የኩከምበር ገበሬም መድሃኒቱ አልሰራ ሲለው በ1967 እሷን ማራባት ጀመረ፣ የዛሬው ትልቁ ኮፐርት ኩባንያ ከዛ ነው የመጣው። ስፔን ውስጥ አልሜሪያ ደሞ በ2006 መጨረሻ ላይ የተከለከለ መድሃኒት ቅሪት ቃሪያቸው ላይ ጀርመን ውስጥ ተገኝቶ ገበያ ሲዘጋባቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዛኛው የቃሪያ ግሪንሃውስ ወደ አዳኝ ማይትና ወደ አዳኝ ትኋን (ተክል ላይ ተባይ የሚበላ ነፍሳት ነው) ዞሯል። አውሮፓ የሚልክ ሁሉ ይሄን ታሪክ ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ብዙ አይነት አለ፣ የትኛውን ልጠቀም?

መጀመሪያ ተባያችሁን እወቁ፣ ቀጥሎ የቦታችሁን አየር።

ፐርሲሚሊስ ለስፓይደር ማይት ብቻ ናት፣ ግን በዛ ስራ የሚስተካከላት የለም፣ ድሩ ውስጥ ገብታ ትበላለች። ድክመቷ ደረቅ አየር ነው፣ እርጥበቱ ከ60 ፐርሰንት ሲወርድ እንቁላሏ ይደርቃል፣ ሙቀቱ 32 እና ከዛ በላይ ሲሆን ደሞ ትሰንፋለች፣ ተባዩ ግን በዛው ሙቀት ይፈነጥዛል። ዚዋይና ቆቃ ላይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚቸግረው ይሄ ነው። ለዛ ጊዜ ኒዮሴዩለስ ካሊፎርኒከስ አለ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው ግን ሙቀትና ድርቀት ይችላል፣ ተባይ ሲጠፋም ሌሎች ጥቃቅን ማይቶችንና የአበባ ዱቄት እየበላ ይቆያል። ብዙ እርሻ ሁለቱን አብሮ ይለቃል፣ ካሊፎርኒከስ ቀድሞ ለጥበቃ፣ ፐርሲሚሊስ ደሞ ተባዩ የተከማቸበት ሆት ስፖት ላይ፣ እኔም የምመክረው ይሄንን ነው።

ለትሪፕስ (አበባና ቅጠል የሚያበላሽ ቀጭን ትንሽ ነፍሳት) እና ለነጭ ዝንብ አምብሊሴዩስ ስዊርስኪ የሚባል አዳኝ ማይት አለ፣ መጀመሪያ የተገለጸው በ1962 ከእስራኤል በተገኘ ናሙና ነው፣ ስሙም ስዊርስኪ ከሚባል የዛው ሀገር የነፍሳት ተመራማሪ ነው የመጣው። ይሄኛው ሙቀት ይፈልጋል፣ ዚዋይ ሊሆን ይችላል፣ ሆለታና መናገሻ ግሪንሃውሱ ሳይሞቅ ሌሊቱ እንደዛ እየቀዘቀዘ ግን ብዙ አትጠብቁበት። ለቀዝቃዛ ቦታ ኩኩሜሪስ የሚባለው አዳኝ ማይት ይሻላል፣ በፉርሽካ ውስጥ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ግን የሚበላው ገና የተፈለፈለውን የትሪፕስ ጫጩት ብቻ ስለሆነ አበባው ውስጥ የገባውን ትልቁን ትሪፕስ ይጨርስልኛል ካላችሁ ታዝናላችሁ።

መቼ ነው መልቀቅ ያለብኝ?

ቀደም ብሎ። ብዙ ሰው አዳኝ ማይት አይሰራም የሚለው ድር ካደራ በኋላ ለቆ ነው፣ በዛ ሰዓት አንዱ ቅጠል ላይ ብቻ በመቶ የሚቆጠር ተባይ አለ፣ እናንተ የምትለቁት በካሬ ጥቂት ነው፣ እነሱ ተራብተው እስኪደርሱበት አበባው አልቋል። ስካውቱ የመጀመሪያዎቹን ነጠብጣብ ቅጠሎች ባገኘበት ሳምንት መለቀቅ አለበት፣ ያ ማለት ስካውቲንግ በየሳምንቱ፣ መደብ በመደብ፣ ካርታ ላይ ምልክት እየተደረገ መሰራት አለበት። ተባይ የሚጀምርበትን ቦታ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ በር አካባቢ፣ መንገድ ዳር አቧራ የሚነሳበት፣ ማሞቂያ ወይም ደረቅ ንፋስ ያለበት ጥግ፣ እዛ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። በጋው ከመክረሩ በፊት በጥቅምትና በህዳር ትንሽ ትንሽ እየለቀቁ መሰረት ማስያዝ በየካቲት ከመደናገጥ በብዙ ይሻላል።

በካሬ ስንት?

ለጥበቃ ያህል በካሬ ሜትር 2 አካባቢ እየተደጋገመ፣ ተባይ ከታየ 6 እና ከዛ በላይ፣ ሆት ስፖት ላይ 20ም 50ም ይደረጋል። አቅራቢው የሚሰጣችሁን መጠን ተከተሉ፣ ግን ለሁሉም መደብ እኩል መበተን ገንዘብ መበተን ነው፣ ስካውቱ ካርታ ላይ ቀይ ያደረገው ቦታ ላይ አብዙ፣ ዙሪያውን ቀነስ፣ ንጹህ መደብ ላይ በጣም ጥቂት።

ጠርሙሱ ሲደርሰኝ ምን ላድርግ?

ያው እንቁላል ወይም ጫጩት ስትገዙ እንደምትጠነቀቁት ነው፣ ህይወት ያለው ነገር ነው የያዛችሁት። አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ከቦሌ ካርጎ ሲወጣ ፒክአፕ ኋላ ላይ ፀሐይ እየመታው ዚዋይ ድረስ ከሄደ በቃ አልቋል። በረዶ ያለበት ሳጥን ይሁን፣ በረዶው ግን ጠርሙሱን አይንካ። ደርሶ ወዲያው የማትለቁት ከሆነ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ጨለማ ቦታ፣ ጠርሙሱን አጋድማችሁ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፣ በመንገድ ላይ ምግብ ስለሌላቸው ተርበው እርስ በርስ ይበላላሉ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ከውስጡ ቆንጠር አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና እዩ፣ ብርቱካናማ ነጥቦች ሲሯሯጡ ማየት አለባችሁ፣ ካልታየ ፎቶ አንሱና ለአቅራቢው ያን ቀን ንገሩ። ከላይ ወይም ከታች ተከማችተው ስለሚቆዩ ጠርሙሱን በቀስታ አንከባሉት፣ አትናጡት። ጠዋት ወይም ማምሻ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ በተን በተን አድርጉ፣ የመጡበት ሰጋቱራ ወይም ቫርሚኩላይት ቅጠሉ ላይ ማረፍ አለበት እንጂ መሬት ላይ ከወደቀ ተክል ላይ እስኪወጡ ያልቃሉ። ጽጌረዳ ላይ በተለይ ቤንዲንጉ ላይ ልቀቁ፣ የታጠፉት የታችኞቹ ቅጠሎች ማለቴ ነው፣ ተባዩም እርጥበቱም እዛ ስለሆነ፣ ደሞ የሚቆረጠው ዘንግ ከላይ ስለሆነ አብሮ የሚወጣባችሁ አዳኝ ይቀንሳል። ቅጠል የምታጸዱ ከሆነ ከመልቀቃችሁ በፊት ጨርሱ፣ አለዛ ትናንት የተበተነው ዛሬ በጆንያ ይወጣል።

መድሃኒት መርጨት ሙሉ በሙሉ ላቁም?

አይ፣ ጽጌረዳ ላይ ያ አይቻልም፣ ፓውደሪ ሚልዲውና ዳውኒ የሚባሉ የቅጠል በሽታዎች አሉ፣ ትሪፕስ አለ፣ አፊድ የሚባል ጭማቂ መጣጭ ተባይ አለ። መለወጥ ያለበት የሚረጨው ነገር ምርጫ ነው፣ ይሄ ጉዳይ ከመልቀቁም ከመቁጠሩም በላይ ይወስናል። ግሪንሃውሱ ባለፉት ሁለት ሶስት ወራት ምን እንደተረጨበት ሳይታይ አዳኝ ማዘዝ አያስፈልግም፣ የርጭት መዝገቡን አውጡና ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት፣ ካራቴና መሰሎቹ፣ ቅሪታቸው ከ2 ወር በላይ አዳኙን ሊገድል ይችላል፣ ማላታይንና ሌሎች ኦርጋኖፎስፌቶችም ለሳምንታት ይቆያሉ፣ አባሜክቲን ትኩስ ሲሆን ይገድላል፣ ቅሪቱ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ይቀላል። ቢፈናዜት ደሞ ስፓይደር ማይቱን መትቶ አዳኙን በአብዛኛው ይምራል፣ ስለዚህ ሆት ስፖቱ ከእጅ ሲወጣ መጀመሪያ በሱ አውርዶ ከዛ መልቀቅ ይቻላል። የሳሙና ርጭት የነካውን ይገድላል፣ ከደረቀ ግን ቅሪት የለውም። ሰልፈር ሲበዛ ይጎዳቸዋል፣ ሰልፈሩን የሚያተነውን በርነር የምታበሩበትን ሰዓት ቀንሱ። የፈንገስ መድሃኒቶች አብዛኞቹ ይቻላሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም፣ አዳኝ አቅራቢዎቹ መድሃኒት በመድሃኒት ጉዳቱን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አላቸው፣ ያ ሰንጠረዥ ታትሞ የመድሃኒት ስቶሩ በር ላይ መለጠፍ አለበት፣ አግሮኖሚስቱ ጋር ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ማንንም አያድንም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለትሪፕስ ብላችሁ ፓይሬትሮይድ ስትረጩ ስፓይደር ማይት የሚፈነዳው ለዚህ ነው፣ ጠላቶቹን ጨርሳችሁለት እሱ ግን መድሃኒቱን ለምዶታል። ስለዚህ ለስፓይደር ማይት ብቻ ባዮሎጂካል ሄጄ ትሪፕሱን እንደድሮዬ እረጫለሁ የሚባል ነገር አይሰራም፣ ፕሮግራሙ ሙሉ መለወጥ አለበት፣ ይሄ ደሞ የስፕሬይ ቲሙንም የማኔጀሩንም የባለቤቱንም ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ደንግጦ ቅዳሜ ማታ ካስረጨ የሁሉም ድካም ገደል ገባ።

ውጤቱን በስንት ጊዜ አያለሁ? ተባይ ጭራሽ ይጠፋል?

በአየሩ ይወሰናል፣ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም ለውጥ ባታዩ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ምልክት የሷን ሞላላ እንቁላል ነው፣ እንቁላል ከጣለች ተመችቷታል። ሙቀቱ ከልክ ሳያልፍ ፐርሲሚሊስ ከተባዩ ፈጥና ስለምትራባ ከሶስት አራት ሳምንት በኋላ ሚዛኑ ወደሷ ሲዞር ታዩታላችሁ፣ ድሩ ይደርቃል፣ አዲሱ ቅጠል ንጹህ ሆኖ ይወጣል፣ አሮጌው የተጎዳ ቅጠል ግን አይድንም፣ እሱን እያያችሁ አልሰራም እንዳትሉ። ጭራሽ አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም፣ ተባዩ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ፐርሲሚሊስም በረሃብ ትሞታለች ወይም ትበተናለች፣ ከዛ ተባዩ ተመልሶ ሲመጣ ጠባቂ የለም። ቤንዲንጉ ላይ ትንሽ ተባይና ትንሽ አዳኝ አብረው ሲኖሩ ማየት ነው የሚፈለገው፣ በርጭት ላደገ ሰው ይሄን መቀበል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በደረቁ ሰሞን ደሞ እኩለ ቀን አካባቢ መንገዶቹን በውሃ ማርጠብ እርጥበቱን ከፍ ያደርጋል።

መቂ ላይ ሜዳ ላይ ቲማቲም አለኝ፣ ለኔስ ይሆናል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገዝቶ መልቀቅ ለእናንተ አሁን አያዋጣም። አንደኛ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ሁለተኛ የቲማቲም ግንድና ቅጠል ላይ ያለው የሚያጣብቅ ጸጉር ፐርሲሚሊስን እግሯን ይይዛታል፣ ቲማቲም ላይ ያላደገችው በደንብ አትሄድበትም። ደሞ ቲማቲም ላይ ቴትራኒከስ ኢቫንሲ የሚባል ቀይ ስፓይደር ማይት አለ፣ እሱን ፐርሲሚሊስ አትወደውም፣ ለሱ ፊቶሴዩለስ ሎንጂፔስ የሚባል ሌላ አዳኝ ነው የተጠናው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ያሉትን አለመግደል ነው፣ አዳኝ ማይት በተፈጥሮም ማሳ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ይኖራል። በየሳምንቱ በልማድ መርጨት አቁሙና ቅጠል ገልብጣችሁ አይታችሁ እርጩ፣ መንገድ ዳር አቧራ የለበሰውን መደብ በውሃ እጠቡ፣ ያረጀውን ማሳ ሳትነቅሉ አጠገቡ አዲስ አትትከሉ።

ክፍት ማሳ ላይ ጭራሽ አይሰራም ማለቴ ግን አደለም። የካሳቫ አረንጓዴ ማይት ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ በ1971 ኡጋንዳ ላይ ታየና የአፍሪካን የካሳቫ ቀበቶ አዳረሰ። የሐሩር እርሻ ዓለም አቀፍ ኢንስቲትዩት ቲፍሎድሮማለስ አሪፖ የሚባል አዳኝ ማይት ከብራዚል አምጥቶ በ1993 ቤኒን ላይ ለቀቀ፣ እሱም ራሱን ችሎ ከሀገር ሀገር ተዛመተ፣ ገበሬው አንድ ሳንቲም ሳያወጣ። ቀን ቀን የካሳቫው ጫፍ ቡቃያ ውስጥ ተደብቆ ማታ ወጥቶ ነው የሚያድነው። አዳኙ ለተክሉም ለአየሩም ሲስማማ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ራሴ ማራባት እችላለሁ?

ይቻላል፣ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ላይ ዱዱቴክ በሚል ስም የጀመረ ኩባንያ ለአበባ እርሻዎች ያመርታል፣ ከሩቅ ሳይመጣ ትኩሱን ማግኘት ማለት ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፣ ቦሎቄ ትዘራላችሁ፣ ቦሎቄው ላይ ስፓይደር ማይት ታራባላችሁ፣ ከዛ በሌላ ቤት አዳኙን ትጨምሩና ሲበዛ ቅጠሉን እየቆረጣችሁ መደቡ ላይ ታስቀምጣላችሁ። አስቸጋሪው መለየቱ ነው፣ ንጹህ ቦሎቄ፣ ተባይ ያለበት ቦሎቄ፣ አዳኝ ያለበት ቦሎቄ ሶስቱም ተራርቀው፣ ሰራተኛው ሁሌ ከንጹሁ ጀምሮ ወደ አዳኙ እንጂ ወደኋላ ሳይመለስ። አንድ ፐርሲሚሊስ በልብስ ላይ ወደ ተባዩ ቤት ከገባች ምግቡን ትጨርስና ምርቱ ይቆማል። ደሞ ቅጠሉ ላይ ከአዳኙ ተባዩ ከበዛ ራሳችሁ ተባይ እያከፋፈላችሁ ነው። አንድ ለዚህ ብቻ የተመደበ ጠንቃቃ ሰው ከሌለ አትጀምሩት።

ያለፈቃድ ከውጭ ማስገባት ይቻላል?

አይቻልም፣ ትክክልም አደለም። ህይወት ያለው ፍጥረት ነው፣ ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የእጽዋት ኳራንቲን ጉዳይ የሚታየው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ጋር ነው። ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማምጣት ሌላ ተባይ አብሮ ማስገባት ሊሆን ይችላል።

የምኖረው ውጭ ነው፣ መስኮት ላይ ያሉት ቃሪያና በሶብላዬ ክረምት ላይ ድር ያደራባቸዋል፣ ምን ላድርግ?

ማሞቂያው ቤቱን ስለሚያደርቀው ነው፣ ስፓይደር ማይት ደረቅ አየር ይወዳል። መጀመሪያ ሻወር ውስጥ አስገብታችሁ የቅጠሉን ጀርባ በውሃ በደንብ እጠቡት፣ ይሄን በየጥቂት ቀኑ ደጋግሙት፣ ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ በአሜሪካም በአውሮፓም በእስራኤልም ለቤት ተክል የሚሆን ትንሽ እሽግ አዳኝ ማይት ይሸጣል። ለደረቅ ቤት ካሊፎርኒከስ ይሻላል፣ ፐርሲሚሊስ ከገዛችሁ ግን ተክሎቹን አጠጋግታችሁ ቅጠል ለቅጠል እንዲነካኩ አድርጉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሯ ነው የምትሄደው፣ ክንፍ የላትም፣ ዙሪያውንም ውሃ ያለበት ሰሃን አስቀምጡ። ከመልቀቃችሁ በፊት ባለፉት ሳምንታት ምን እንደረጫችሁበት አስታውሱ፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የቤት ውስጥ ነፍሳት ማጥፊያ ስፕሬይ አብዛኛው ፓይሬትሮይድ ነው፣ እሱ የነካው ተክል ላይ አሁን አትልቀቁ፣ በውሃ እያጠባችሁ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ቆዩ። በሶብላውን ወጥ ውስጥ የምትጨምሩት ከሆነ ደሞ ስፕሬይ የተረጨበትን ቅጠል አትብሉ፣ አዳኝ ማይት የነበረበትን ግን አጥባችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።